የወንድሜ ጀምበር

የልጅ ልጄ ስልኬ ላይ ሁለት ሰዓት ጎን ለጎን አድርጋልኛለች። አንዱ የሸዋ ሮቢት ነው፤ ሌላው አባቷ ለሥራ የሄደበት የሩቅ አገር። እኔ ዘንድ ሲመሽ እሱ ዘንድ ገና ጠራራ ነው። ለእሷ ጨዋታ ነው። እኔ ግን ያንን ሁለተኛውን ሰዓት ባየሁ ቁጥር የእናቴ ነገር ትዝ ይለኛል።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ጎረምሳ ነበርኩ። አባታችን ሞቷል፤ ታላቅ ወንድሜን መንግሥት ለትምህርት መስኮብ፣ ሩሲያ አገር፣ ወደ ሰሜኑ ጫፍ ልኮታል። እኔና እናቴ ሮቢ ወንዝ ዳር ማሾና ሽንኩርት እየዘራን እንኖራለን። የዚያን ዓመት ረመዳን በሰኔ ሙቀት ገባ። የሮቢትን ሰኔ ካወቅኸው መቼም አልነግርህም፤ አየሩ የጋለ አፈር ይሸታል፣ ምላስ ከላንቃ ይጣበቃል።

አንድ ቀን ከወንድሜ ጋር የሚማር የማጀቴ ከተማ ልጅ ለእረፍት መጥቶ ሰላምታውን አደረሰን። እናቴ የዚያን አገር ሰው ጠባይ ጠየቀችው።

"ክፉዎች አይደሉም እትዬ። ግን መንገድ ላይ የማያውቁትን ሰው ሰላም ካሉ፣ ይህች ሴትዮ ምን ሆነች ብለው ዞረው ያዩዎታል።"

"እንዴ! ልጆች ደህና፣ ከብቱ ደህና አይሉህም?"

"የኛ ሰው ሰላምታ ጀምሮ እስኪጨርስ እነሱ ካራቆሬ ይደርሳሉ! ጀምበራቸው ግን አትቸኩልም። እዚህ ሰው አፍጥሮ፣ ተራዊሕ ሰግዶ ሲተኛ ነው እዚያ የምትጠልቀው። ዓይንዎን ሳይከድኑ ደግሞ ተመልሳ ትወጣለች።"

እኔ ሳቅሁ። እናቴ አልሳቀችም።

"ታዲያ ልጄ መቼ ሊያፈጥር ነው?" አለች።

ልጁ መሬት መሬቱን አየ።

በዚያው ማታ ጀምበር ከጣርማ በር ተራሮች ጀርባ ገባች፤ አዛን ተባለ። ውሃ አቀረብኩላት። "አንተ ጠጣ፤ እኔ የሱ ጀምበር እስክትጠልቅ እቆያለሁ" አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሰፈሩ ጭጭ ካለ በኋላ ነው ከንፈሯን ያረጠበችው።

በነጋታውም እንዲሁ ሆነ። ቀኑን ሽንኩርት ስትኮተኩት ትውላለች፤ ማታ በር ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። እየከሳች ሄደች። እኔ ከሥራዬ ቀና ባልኩ ቁጥር ወድቃ የማገኛት ይመስለኝ ነበር። ጨነቀኝና ለሰፈራችን ሼኽ ነገርኳቸው። መጡ።

"ያለሽበት አገር ጀምበር ናት ያንቺ። ማፍጠርን ማዘግየት ደግ አይደለም" አሏት።

"እሺ ሼኽዬ" ብላ አንዲት ተምር አፏ ውስጥ አደረገች። እሳቸው ሲወጡ ሌላውን ምግብ ሁሉ መልሳ ከደነችው።

አንድ ምሽት ከተቀመጠችበት ልትነሣ ስትል ተዝለፈለፈች። ደግፌ አስቀመጥኳት። ያን ጊዜ የማጀቴው ልጅ ስሸኘው በጆሮዬ ያለኝ ነገር ከአፌ አመለጠ።

"እማ፣ እዚያ የሚጾም የለም አሉ! እሱ ይሄኔ እየበላ ይሆናል እኮ! ለማን ብለሽ ነው የምትሞቺብኝ?"

ትቆጣለች ብዬ ነበር። ፊቴን በመዳፏ ዳበሰችኝ፤ መዳፏ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል።

"ልጁ ዓይኑን ሲሰብር ገብቶኛል" አለች። "ቢጾምማ ኖሮ ምን አስጠበቀኝ? እሱ የማይጠብቃትን ጀምበር ነው የምጠብቅለት።"

የጀመርኩትን ሾርባ አስቀምጬ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ማታ ጀምሮ እስከ ኢድ አንድ ተምር ቀምሰን ሁለታችን እንጠብቅ ነበር።

ወንድሜ የተመለሰው ጠጉሩ ሸብቶ፣ እናታችንም ካለፈች በኋላ ነው። መቃብሯ ዘንድ ወሰድኩት። ድንጋዩን ሲዳስስ ቆየና፣ "እኔ በሌለሁበት ረመዳንን እንዴት ታሳልፈው ነበር?" አለኝ።

"እንደ ማንኛውም ሰው" አልኩት፤ ክንዱንም ይዤ ቁልቁለቱን ቀስ ብለን ወረድን።