ምሳ የማይዘገይባቸው ሰዎች

ሥራዋ በኮምፒውተር ውስጥ ሰው መሥራት ነው። ደምና ሥጋ የሌለው፣ ግን የበላው ምግብ ስኳር ሆኖ ደሙ ውስጥ ሲገባ፣ ጉበቱ ሲያጠራቅመው፣ ኢንሱሊን ሲሰጠው ደግሞ ሲወርድለት በሒሳብ ቀመር ቁልጭ ብሎ የሚታይ ሰው። ለስኳር ሕመምተኞች የታሰበ አዲስ ነገር ሁሉ አስቀድሞ የሚሞከረው በእነዚህ ላይ ነው። ቢወድቁ አልቃሽ የላቸውም፤ የተሠሩትም ለዚሁ ነው።

ታላቅ ወንድሟ ልብስ ሰፊ ነው። ስፌት ሰፍቶ ያስተማራት እሱ ነው፤ ይህን ሙያ የመረጠችውም የእሱ ስኳር አላስቀምጥ ብሏት ነው። የምርምር ማዕከላቸው ወገብ ላይ ታስሮ ኢንሱሊን በራሱ የሚሰጥ መሣሪያ ሠርቶ ፈቃደኞች ሲፈልግ፣ "ጋሽዬ ግባበት፤ የእኔ እጅ ያለበት ነው" ብላ ያስመዘገበችው ራሷ ናት። እሱም ምንድን ነው ሳይል እሺ አላት።

መሣሪያው በሰው ላይ የሚሞከርበት ሆስፒታል ሐኪሞች መጥተው ሊያጸድቁት በነበረበት ቀን ጠዋት አለቃዋ ያዘጋጀውን ግራፍ ከፍታ አየችው። አለቃዋን በመሥሪያ ቤቱ "ልሙጡ" ይሉታል። መላጣ ሆኖ አይደለም፤ የተንገጫገጨ መስመር ማየት ስለማይወድ ነው። ግራፉም እንደ ስሙ ነበር። እሷ ከሠራቻቸው ሰዎች መካከል ምሳ የሚያሳልፉ ነበሩ። መሣሪያው የምሳ ሰዓት ሲደርስ ኢንሱሊኑን ቀድሞ ይለቃል፤ ያልበሉት ስኳራቸው አሽቆልቁሎ ይወድቃሉ። በልሙጡ ግራፍ ላይ አንድም የወደቀ የለም። የሚወድቁትን መርጦ ሰርዟቸዋል።

ደሟ ፈላ። ቢሮው ድረስ ሄዳ ጠየቀችው። እሱ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ፣ ጥናታችን ሰው በሰዓቱ ይበላል ብሎ ነው የተነሳው አላት። ሰው እንዲህ አይደለም ብላ ብታስረዳው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

"በሰዓቱ ያልበላ ሕመምተኛ ጥፋቱ የራሱ ነው" አለና በሩን በእጁ አሳያት።

የራሱ! ወንድሟን ታውቀዋለች። የሠርግ ልብስ ከያዘ ከስፌት መኪናው ላይ አይነሳም፤ ቀኑን ሙሉ አፉ ውስጥ ስፒል እንጂ እህል አይገባም። ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ ደንበኛ ቆሞ ሲጠብቅ እምቢ ማለት አያውቅበትም። እንዲህ ባይሆን እሷም አትማርም ነበር።

ወንበሯ ላይ ተመልሳ፣ ሲመዘገብ የተለካውን ክብደቱንና ስኳሩን አስገብታ ጋሽዬን በኮምፒውተር ውስጥ ሠራችው። ምሳ ስታበላው ደህና ዋለ። ስትከለክለው መስመሩ ወርዶ፣ ወርዶ፣ ሰው ራሱን ከሚስትበት በታች ገባ። ተሳስቼ ይሆናል ብላ ደገመችው። ሁለተኛም ወደቀ። ከፍርሃቷ ንዴቷ ይበልጥ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ልሙጡ ግራፉን አሳይቶ ሐኪሞቹ በመስማማት ራሳቸውን ሲነቀንቁ፣ እሷ ሳይፈቀድላት ተነስታ የራሷን ስክሪኑ ላይ አወጣችው። የሐኪሞቹ ኃላፊ፣ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፣ ይሄ የወደቀው ማነው ብለው ጠየቁ። ልሙጡ ቶሎ ብሎ፣ ከቁጥር የማይገባ ስህተት ነው አላቸው።

"ስህተት አይደለም፤ ወንድሜ ነው" አለች። "ምሳ ሲያልፈው እንዲህ ይወድቃል፤ እንደ እሱ የሚወድቁት ሁሉ ከግራፉ ተሰርዘዋል። መሣሪያው ሊታሰርለት መጥቶ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል። ወጥተው ይጠይቁት።"

ሐኪሟ ወጡ። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳደረገ፣ ጠመኔ በነካው እጁ ሊጨብጣቸው ብድግ አለ። ምሳ በልተሃል ወይ አሉት።

"ኧረ የት ተበልቶ! ደንበኛ አጣድፎኝ ነው የመጣሁት። ይሄን ካሰራችሁልኝ በኋላ እበላለሁ።"

ሐኪሟ ወደ ስብሰባው ተመልሰው፣ የሰረዛችኋቸው ሁሉ እስኪመለሱ ማንም ላይ ምንም አይታሰርም አሉና ወረቀታቸውን ሰበሰቡ። ልሙጡ አጠገቧ ሲያልፍ፣ ጉድ ሠራሽኝ አላት። ስክሪኑን አጥፍታ ወጣች፤ አፏን ብትከፍት የሚወጣውን ታውቃለች።

ያ የታፈነ ንዴት ግን ኮሪደሩ ላይ ወንድሟ ላይ ፈነዳ። መሣሪያው ዛሬ አይታሰርልህም፣ ስንቴ ልንገርህ፣ ለምን አትበላም፣ ለማን ብለህ ነው እያለች ሰው ፊት ጮኸችበት። እሱ ግራ ገብቶት ያያታል። በመሣሪያው ስንት ተስፋ አድርጎ ነበር።

"ታዲያ ለእኔ አይሆንም ማለት ነው?" አላት ቀስ ብሎ።

"ጥፋቱ የራስህ ነው!"

ካለችው በኋላ ነው የሰማችው። የልሙጡ ቃል ነበር፤ እንዳለ ከአፏ ወጣ። ወንድሟ አቀርቅሮ ከጣቱ ላይ ጠመኔውን ማራገፍ ጀመረ።

ክንዱን ይዛ ካፌ ወሰደችው። ሳህኑን እስኪጨርስ አጠገቡ ተቀመጠች። ከዚያ ወደ ቢሮዋ ተመልሳ የተሰረዙትን አንድ በአንድ መለሰቻቸው፤ ከሁሉ በፊት ግን ጠዋት የሠራችውን ጋሽዬን አስገባች።