የማሲንቆው ጭራ የተበጠሰ ዕለት

ባለፈው ሰኞ አተር ስለቅም ሬዲዮው የይታይህን ሞት ተናገረ። እጄ ሰፌዱ ላይ ቀረ። ዜና አንባቢው «አንጋፋው የዘፈን ደራሲ» እያለ፣ ግጥምና ዜማ የሰጣቸውን ዘፋኞች ሲያነሣ፣ ከየዘፈኑም ቁራጭ ቁራጭ ሲያሰማ ቆየ። ልጆቼን ሳስተኛ ያንጎራጎርኳቸው ሳይቀሩ የእሱ ኖረዋል። በመጨረሻ፣ «በወጣትነቱ ጎበዝ የማሲንቆ ተጫዋች እንደነበር ይነገራል፤ ማሲንቆውን ለምን እንደተወ ግን አይታወቅም» አለ።

«ይታወቃል እንጂ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። ከሬዲዮ ጋር መሟገት ከጀመርኩ ሰነባብቻለሁ።

የተዳርኩት ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠበት ዘመን ነው። ቤታችን ከአምበር ወጣ ብሎ ነበር። ወሩ ጥር ነው፤ ጤፉ ተወቅቶ ገብቷል፣ መንገዱ ደርቆ አቧራው ይቦናል። ሰው እርስ በርሱ እንኳ እየተፈራራ ይኖር ነበር። የሚገርመኝ ታዲያ፣ በዚያ ሁሉ ፍርሃት ውስጥም ጌሾው ይወቀጣል፣ ዳሱም ይጣላል።

እኔን ያስጨነቀኝ ታላቅ ወንድሜ ደምሴ ነበር። ጫካ ገብቶ ከአርበኞች ጋር ከርሟል። «እህቴ ስትዳር ካላየሁ ምኑን ወንድም ሆንኩት!» ብሎ ጎፈሬውን ተላጭቶ፣ የተቀደደ ጋቢ ደርቦ መጣ። አባቴ ከዳሱ በር አጠገብ ከእርሻ ሠራተኞቹ መካከል አስቀመጠው። የመንደሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሁሉም እንዳላየ ሆኗል። ደምሴ ብዙ ነገር የታደለ ሰው ነበር፤ ትዕግሥት ግን አልፈጠረበትም። ስሙ በክፉ ሲነሣ ከሰማ ያብዳል።

በእኛ አገር ሙሽራ ቀና አትልም። ነጠላዬን እስከ አገጬ ተከናንቤ፣ አንገቴን ደፍቼ ከሙሽራው ጎን ተቀመጥኩ። የሚታየኝ ከጉልበት በታች ያለው ብቻ ነው፤ የተጎዘጎዘው ቄጤማ፣ የሰው እግር፣ የወዳደቀ አጥንት። የደምሴን እግር በሩ ጋ ለየሁት፤ የግራ አውራ ጣቱ ጥፍር የለውም። ከፊቴ ደግሞ የአዝማሪው ቀጫጭን እግሮች ነበሩ። ይታይህ ከደምበጫ በኩል የመጣ፣ ገና ጢሙ ያልበቀለ ወጣት ነው። ሲዘፍን ግን ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ እግራቸው አርፎ አልቀመጥ ብሎ ነበር።

ሰው እየሳቀ፣ ጠላው እየተቀዳ ሳለ ዳሱ በአንዴ ጸጥ አለ። ጥቁር ቡት ጫማ ሲገባ አየሁ። ለጣሊያን ያደረ ሹምባሽ ነው፤ ጠመንጃ ያዦች አስከትሏል። ደምሴን በስም እንጂ በመልክ አያውቀውም። ሳይጠራ የመጣው ወንድሜን ፍለጋ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ።

«እንኳን ደህና መጡ፤ ወዲህ ይቀመጡ» አለ አባቴ። ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር።

ሹምባሹ የቀረበለትን ጠጅ ጠጣና፣ «አዝማሪ፣ ተቀበል!» አለ።

አዝማሪ የተሰጠውን ግጥም ይቀበላል፤ አይመርጥም። «ልቀበል፣ ጌታዬ» አለ ይታይህ።

«ደምሴ ጀግናው ሰው ጫካ ገባ ሲሉ፣
የናቱ ቀሚስ ውስጥ ተደብቋል አሉ።»

የሳቀ የለም። ሹምባሹም ሣቅ አልፈለገም፤ ግጥሙ ሲዘፈን ማን እንደሚቆጣ ሊያይ ነው። እኔ በነጠላዬ ሥር፣ «እመቤቴ ማርያም፣ እግሩን እሰሪልኝ» እላለሁ። ይታይህ የመጀመሪያውን ስንኝ አዜመ። ያ ጥፍር አልባ ጣት ቄጤማውን ሲቆነጥጥ አየሁ። ወዲያው ሁለቱም እግሮች መሬት ረገጡ፤ ደምሴ ተነሥቶ ቆመ።

ሁለተኛው ስንኝ አልመጣም። «ቅኝቱ ላልቶብኛል፣ ጌታዬ፤ ትንሽ ላጥብቀው» አለ ይታይህ። የማሲንቆው ድምፅ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደና ጧ! አለ።

«ጉድ ፈላ! ጭራው ተበጠሰ» ብሎ ጮኸ። «አንተ፣ በሩ ላይ የቆምከው! ከተነሣህ አይቀር ከታሰሩት ፈረሶች ጭራ ቆርጠህ አምጣልኝ። የወንድ ፈረስ ይሁን ታዲያ፤ የባዝራ ጭራ ሽንት የነካው ነው፣ አይዘፍንልኝም።»

አሁን ሰው ሳቀ። የደምሴ እግሮች ግን ንቅንቅ አላሉም።

«ምን ይገትርሃል? ሂድ እንጂ፣ አንተ ደንቆሮ!» ብሎ አባቴ አምባረቀበት። ልጁን እንዲያ ሲሰድበው ሰምቼ አላውቅም። እግሮቹ ቀስ ብለው ዞሩ፤ ወጡም።

ይታይህ ጭራው እስኪመጣ ብሎ ቀልድ ጀመረ፤ የሙሽራውን ሚዜዎች አንድ በአንድ እያነሣ ተረባቸው። ሰው ሁሉ ፊቱን እያየ ይስቃል። ጉልበቱ እንደ ወፍጮ ቤት ሲንቀጠቀጥ የማየው እኔ ብቻ ነበርኩ። ከዚያ የፈረስ ኮቴ ተሰማ፤ ራቀ፤ ጠፋ። አዝማሪው ጭራ ቢለው፣ ወንድሜ ጭራውን ከነፈረሱ፣ ያውም የሹምባሹን ፈረስ ይዞት ሄደ።

ዛሬ ሳወራው ያስቀኛል። ያን ጊዜ ግን ማሲንቆው ከፊቴ ቄጤማው ላይ ወደቀ፤ ቀጥሎ የይታይህ ግራ እጅ መሬት ነካ። ቡት ጫማው ጣቶቹ ላይ ቆመና ዞረ። ያኔ ሙሽርነቴን ረስቼ፣ ነጠላዬን ጥዬ ጮህኩ። ፊቱን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ አመድ መስሏል። የፊጥኝ አስረው ወደ ደብረ ማርቆስ ነዱት።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ አንድ ቀን ይታይህ ቤቴ መጣ። ሁለቱ ጣቶቹ አይታጠፉም። ምሳ አቅርቤለት፣ «ወንድሜ፣ ለማታውቀው ሰው እንዴት እንዲህ ታደርጋለህ?» አልኩት።

«ግጥሙ ደስ አላለኝም» አለና ሳቀ። ቆይቶ፣ «እህቴ፣ አሁንም ጫማ ያደረገ ሰው ባጠገቤ ሲያልፍ እጄን እሰበስባለሁ» አለኝ። ማሲንቆ መያዝ ስላቃተው ለሌሎች ግጥምና ዜማ መስጠት መጀመሩንም ያን ዕለት ነገረኝ። አገር የሚዘፍነው ሁሉ ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው።

የዚያኑ ሰኞ ማታ የደምሴ የመጨረሻ ልጅ ሊጠይቀኝ መጣ። ይህን ሬዲዮ የገዛልኝም እሱ ነው። በማግስቱ ለቅሶ እንድንደርስ ነገርኩት።

«ለዘፈን ደራሲው? ምናችን ነው፣ አክስቴ?» አለኝ።

«አንተ እንድትወለድ ሁለት ጣት የሰጠ ሰው ነው» አልኩት።