በጓዳዬ የታመመችው ጊኒ ፒግ

ታናሽ እህቴ ከአዲስ አበባ ስትመለስ ከሚኒባሱ የወረደችው አንድ ሻንጣና አንድ የሽቦ ቤት ይዛ ነው። ሻንጣውን ተቀበልኳት። የሽቦ ቤቱን በነጠላዋ ሸፍናው ስለነበር ዶሮ መስሎኝ፣ «ደግሞ ወደ ሸዋሮቢት ዶሮ ከአዲስ አበባ ይመጣል?» ብዬ ሳቅሁባት። ቤት ገብተን ነጠላውን ስትገልጠው ግን ሳቄ ጠፋ። ጅራት የሌላት፣ ግማሽ ፊቷ ነጭ ግማሹ ቡናማ የሆነ፣ የድመት ግልገል የምታህል ነገር ጥጓን ይዛ ታየኛለች።

«ምንድን ናት?»

«ጊኒ ፒግ ትባላለች፣ እትዬ።»

«ፒግ ማለት አሳማ አይደለም እንዴ?»

«ስሙ ነው እንጂ አሳማ አይደለችም።»

«አይጥም አይደለችም?»

ነጠላዋን እያጣጠፈች፣ «የአይጥ ዘመድ ነገር ናት» አለች። እህቴ ውሸት አይሆንላትም፤ ከልጅነቷም እንዲሁ ናት።

የደነገጥኩት በምክንያት ነው። በዋናው መንገድ ዳር ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ። ወደ ኮምቦልቻና ወደ ደሴ የሚያልፈው ሹፌር፣ ገበያ የዋለው ነጋዴ፣ ከቀወት ገጠር የወረደው ገበሬ፣ ሁሉም ይገባበታል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሳይሳቀቅ እንዲበላልኝ ብዬ ሥጋ የሚባል ነገር ትቻለሁ፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ፓስታ፣ የጾም በያይነቱ ነው የምሠራው። እንግዲህ ሰው ሁሉ አምኖኝ ከሚበላበት ቤት ጓዳ፣ መልኳ አይጥ ስሟ አሳማ የሆነች ፍጡር አለች ቢባል ምን ይውጠኛል?

እህቴ የውጭ አገር ሰዎች ቤት ሞግዚት ነበረች። ሴት ልጃቸውን ከዳዴ ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት። ሰዎቹ ሥራቸው ወደ ሌላ አገር ሲዛወር እንስሳዋን ይዞ መሄድ አልተቻለም። ልጅቷ ስታለቅስ፣ «እኔ እጠብቃታለሁ» ብላ የተቀበለቻት እህቴ ናት። ሥራዋን አጥታ፣ የሚቀጥለውን ወር እንኳ በምን እንደምትገፋው ሳታውቅ፣ ሌላ ነፍስ ተሸክማ መጣችብኝ።

«በኋለኛው ክፍል ትሁን፤ የኩሽናውን ደፍ ግን እንዳታልፍ» አልኳት።

«እሺ» አለች። ቃሏንም ጠበቀች። እንስሳዋን ነክታ እጇን በሳሙና ሳትታጠብ የበር እጀታ እንኳ አትይዝም ነበር። እኔ ጋ እየሠራች፣ ከእኔው ጋር እየበላች፣ ኑሯችንን አንድ ላይ መግፋት ጀመርን። ያን ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። መንገዱ ሲዘጋ ድስቴም ሳይከፈት የሚውልበት ቀን ነበርና እጃችን አጥሮ ነበር።

እንስሳዋ ምንም አላስቸገረችም። የፌስታል ኮሽታ ከሰማች መኖ የመጣላት ይመስላትና እንደ ፉጨት ያለ ቀጭን ድምፅ ታሰማለች። እህቴም፣ «ሰማሁሽ፣ ሰማሁሽ» እያለች ትሄድላታለች። ከአዲስ አበባ የመጣው መኖ ሲያልቅ ግን በጋው ጠንቶ፣ ሳሩ ሁሉ ደርቆ ነበር። ያገኘነው ድርቆሽና ጭድ ነው፤ እሱን በላች።

መጀመሪያ ፉጨቷን ተወች። ቀጥሎ የኋላ እግሯን ማነከስ ጀመረች። ጸጉሯ ቆመ፤ ስትነካ ትጮሃለች። አንድ ጠዋት እህቴ አፏን ከፍታ አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ፣ ድዷ እየደማ ነው።»

እውነቱን ለመናገር፣ ብትሞት ይሻላል ብዬ በልቤ አሰብኩ። እህቴ ግን ካርቶን በስታ፣ ውስጡን በአሮጌ ፎጣ ጠቅልላ፣ እንስሳዋን አስገብታ ባጃጅ ጠራች። ብቻዋን ልልካት አልቻልኩምና ተከትያት ገባሁ።

የእንስሳት ክሊኒኩ ግቢ ፍየል በያዙ ሰዎች ተሞልቷል። ጀርባው የቆሰለ ግመልም ቆሟል። ካርቶኑ ሲከፈት ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። አንዱ፣ «አይጥ ለማሳከም ሐኪም ዘንድ የመጣ ዛሬ ገና አየሁ!» ሲል ግቢው ሳቀ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እህቴ ፈገግ ብላ፣ «ያማል እኮ፣ እሷንም ያማታል» አለችና ተራዋን ጠበቀች። የተቆጣችም፣ ያፈረችም አትመስልም ነበር።

ሐኪሙ ወጣት ነው። አያትና ዓይኑ በራ። «ይቺን በመጽሐፍ ነው የማውቃት፤ በእጄ ይዣት አላውቅም» አለ። ቀስ ብሎ እግሯን ዳበሰ፣ ጥርሷን አየ።

«ምን ነበር የምትበላው?»

«ድርቆሽ፣ ዶክተር።»

«እርጥብ ነገርስ?»

«ከየት ላምጣላት? ሳሩ ደረቀ።»

ስልኩን አውጥቶ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ውስጥ እነዚህን እንስሳት ለሚንከባከብ የትምህርት ቤት ጓደኛው ደወለ። እኛ ፊት ረጅም ጊዜ አወሩ። ሲጨርስ እንዲህ አለን፦ «እንደ እኛ እንደ ሰዎች ናት። ቪታሚን ሲን ሰውነቷ አያመርተውም፤ ከምግብ ነው የምታገኘው። እሱን ስላጣች ነው መገጣጠሚያዋ ያበጠው፣ ድዷም የሚደማው። የቪታሚኑ ጠብታ እዚህ የለም፤ ከአዲስ አበባ እስኪመጣም መንገዱን አታምኑትም። ለጊዜው ከሰው ክኒን ላይ ትንሽ ቁራሽ ፈጭተሽ በውኃ ትሰጫታለሽ። ዋናው መድኃኒቷ ግን እርጥብ ምግብ ነው። አልበላም ካለችሽ አድቅቀሽ በዚህ።» መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ሰጣት። ከካርዱ በቀር ያስከፈለን የለም።

ከዚያ በኋላ እህቴን በአዲስ ዓይን ማየት ጀመርኩ። በጠዋት ተነስታ የመስኖ ቦይ ወዳለበት ማሳ ትወርዳለች። በቦዩ ዳር አረንጓዴ ሳር አለ። ነገር ግን የእኛ አገር ሽንኩርት መድኃኒት ይረጫል፤ መድኃኒት የነካው ሳር ደግሞ እንዲህ ያለችዋን ወዲያው ይገድላል። ስለዚህ ዝም ብላ አታጭድም። ገበሬውን ፈልጋ፣ ሰላም ብላ፣ «አባባ፣ ይሄ ማሳ መቼ ነው የተረጨው?» ብላ ትጠይቃለች።

አንዱ ሽማግሌ የያዘቻትን አንድ እፍኝ ሳር አይተው፣ «ለምን ከብት ነው፣ ልጄ?» አሏት።

«ለትንሽ ከብት ነው።»

«በጣም ትንሽ መሆን አለባት» ብለው ያልተረጨውን ዳር በጣታቸው አሳዩአት።

ሳሩን አጥባ፣ በአሮጌ ጣሳ ውስጥ በዱላ ትወቅጠዋለች። ሙቀጫዬን እንደማልሰጣት ስለምታውቅ አልጠየቀችኝም። በሲሪንጁ አድርጋ ከጉንጯ ጎን ጠብ ታደርግላታለች፤ እስክትውጥ ትጠብቃለች፤ እንደገና ጠብ። እንስሳዋ ስትተፋባት አገጯን በጨርቅ ጠርጋ ትቀጥላለች። ምሳ ሰዓት አልፎ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ በያለበት ሲጥል፣ እርጥብ ጆንያ በሽቦ ቤቱ ላይ ዘርግታ በካርቶን ቁራጭ ታራግብላታለች። ላቧ ከአገጯ እየተንጠባጠበ፣ ለራሷ አንዴ አታራግብም።

አንድ ቀን የፈራሁት ደረሰ። እህቴ እንስሳዋን በፎጣ ይዛ በግቢው ስታልፍ በመስኮት በኩል የተቀመጠ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር አያት። ሳህኑን ገፋ።

«እዚህ ቤት አይጥ ያረባሉ እንዴ?»

ላስረዳው ብሞክርም አልሰማኝም፤ ወጥቶ ሄደ። ሌሎቹም እርስ በርስ ተያዩ። ደሜ ፈላ። ወደ ጓሮ ወጥቼ፣ «በሽታው ካልገደላት እኔ እገድላታለሁ! ዛሬውኑ አውጫት!» ብዬ ጮኽኩባት።

ሲሪንጁን እንደያዘች አንገቷን ደፋች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ እጇ ግን እንስሳዋን አልለቀቀም።

በዚህ መሃል ከኋላዬ፣ «ምንድን ነው እንዲህ ያስጮኸሽ?» የሚል ድምፅ መጣ። ጋሼ የምንላቸው ደንበኛዬ ናቸው። ዘራቸው ከአሊዩ አምባ፣ እዚህ ከተማ ደግሞ የማሾ መጋዘን ያላቸው፣ የተከበሩ ሙስሊም ነጋዴ። ምሳቸውን ጨርሰው እጃቸውን ሊታጠቡ ነበር የወጡት።

ጎንበስ ብለው አዩአት። «ሱብሃነላህ! ምን ዓይነት ፍጥረት ናት? ታማለች?»

እህቴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው፤ ልጅቷን፣ ቃሏን፣ ሐኪሙን። ሲሰሙ ቆዩና፣ «አይዞሽ። ነፍስ ላለው ፍጡር መልካም የሠራ አላህ ዘንድ አጅር አለው» አሏት።

እሷም ቀና ብላ፣ «ጋሼ፣ ከመጋዘንዎ ወለል የሚጠረግ ማሾ ካለ ትንሽ ይሰጡኛል?» አለቻቸው።

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«ላበቅለው።»

«ብቅል? ከማሾ ጠላ ልትጠምቂ ነው?» ብለው ሳቁ።

«የበቀለው እርጥብ ነው፤ ቪታሚኑም አለው። ዶክተሩን ደውዬ ጠይቄዋለሁ። ሳር ባጣም እሱ በቤቴ ይበቅላል።»

እኔ ይህን አልሰማሁም ነበር። እኔ ሽሮዬን ሳማስል እህቴ አስባ፣ ጠይቃ፣ የበጋ መፍትሔ አግኝታ ኖሯል። ከዚህ ሁሉ ማሾ መሃል ተቀምጠን፣ ገብስ አርጥበን ብቅል የምናበቅል ሰዎች ሆነን፣ ይህ ለእኔ አንዴም አልታየኝም። አውጫት ያልኩትንም ደግሜ አላነሳሁትም።

ጋሼ በማግሥቱ አንድ ከረጢት ማሾ ይዘው መጡ። የመጋዘን ጥራጊ አልነበረም፤ የተለቀመ ንጹሕ ማሾ ነበር። ከረጢቱን ለእህቴ ሰጥተው መንገድ ዳር ካለው ጠረጴዛ፣ ሁሉም ከሚያያቸው ቦታ ተቀመጡና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሽሮ አዘዙ። ጋሼ የበሉበትን ቤት ማን ይጠየፋል? ወሬው እንደመጣ ሄደ።

እህቴ ማሾውን ውኃ ውስጥ አሳድራ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ትበትነዋለች። ነጭ ጭራ አውጥቶ አረንጓዴ ጫፍ ሲያበቅል ለእንስሳዋ ትሰጣለች። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይደርሳል። ጋሼ ደግሞ ከገበያ ሲመጡ አንዳንዴ የዘይቱን ፍሬ በኪሳቸው ይዘውላት ይመጣሉ።

በዚያው ሰሞን እነዚያ የውጭ አገር ሰዎች በስልክ ምስል ደወሉ። ልጅቷ እንስሳዋን አሳዪኝ ትላለች። እንስሳዋ ገና ከሲታ ናት፤ ጸጉሯም አልተኛም። እኔ በጥቅሻ፣ «ተኝታለች በያት» አልኳት። እህቴ ግን ካሜራውን ወደ ሽቦ ቤቱ አዞረች። በእንግሊዝኛ ያወሩት ሁሉ አልገባኝም፤ የልጅቷ ፊት ሲለወጥ ግን አየሁ። ኋላ ስጠይቃት፣ «ታማ ነበር፣ እያስታመምኳት ነው፣ ትድናለች ብዬም ተስፋ አደርጋለሁ አልኳት» አለችኝ።

«እናትየዋስ ምን አለች?»

«የሚያስቸግርሽ ከሆነ ሐኪሙ በመርፌ ያሳርፋት አለች። ገና ትበላለች፣ መኖር ትፈልጋለች አልኳት።»

«ታዲያ መድኃኒት መግዣ ላኩልኝ አትይም ነበር?»

ገርሟት አየችኝ። «እነሱ አልጠየቁኝም፤ እኔም ትዝ አላለኝም» አለች።

ለእኔ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ እሱ ነበር። ለእሷ ግን ያችን ልጅ አለመዋሸት ነው የበለጠባት። እኔ ያሳደግኳት፣ ፊደል ያስቆጠርኳት ታናሼ መቼ እንዲህ እንደበለጠችኝ አላወቅሁም። ደስም አለኝ፣ ጥቂትም አፈርኩ።

ድኅነቷ ቀስ እያለ መጣ። መጀመሪያ ድዷ መድማቱን ተወ። ከዚያ ማሾውን ከሲሪንጅ ሳይሆን ከእህቴ እጅ መብላት ጀመረች። አንድ ቀን ከሰዓት ከገበያ ይዤው የመጣሁትን ፌስታል ስፈታ ከጓሮ ፉጨቷን ሰማሁ። እህቴ ልብስ እያጠበች ነበር፤ አረፋ በያዘ እጇ እየሮጠች መጣች። ሁለታችንም ደጃፉ ላይ ቆመን አየናት። ባለችበት ዘለል፣ ዘለል ትላለች፤ አራቱም እግሮቿ ከመሬት ይለቃሉ። እህቴ እንደ ልጅ ጮኻ ሳቀች። እኔም ሳላስበው ጎንበስ ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባዋን ነካሁት፤ ለስላሳና ሞቃት ነው።

ክረምቱ ገብቶ ሳሩ ሲለመልም ለእህቴ ደብረ ብርሃን አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ሥራ ተገኘላት። ሐኪሙም ደጋው ለእንስሳዋ እንደሚስማማ ነገራት። ምግብ ቤቱን ለአንድ ቀን ዘግቼ ልሸኛት አብሬያት ሄድኩ። እሷ ሻንጣዋን ጉልበቷ ላይ ስላደረገች ካርቶኑ የእኔ ድርሻ ሆነ። ደብረ ሲና ላይ ሚኒባሱ ሲቆም ቆሎ ገዛንና ዳገቱን ተያያዝነው። ወደ ጣርማበር ስንጠጋ ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው፤ ብርዱ ገባ። እህቴ ነጠላዋን አውልቃ በእኔ ትከሻና በካርቶኑ ላይ አለበሰችን።

«አንቺስ አይበርድሽም?» አልኳት።

«ደህና ነኝ፤ ብቻ አጥብቀሽ ያዢያት» አለችና ቆሎዋን መቆርጠም ጀመረች።