ሦስት ጠቦትና አንድ ጎል

ሩስሚር ታህማዝ በሠላሳ ስድስት ዓመቱ፣ ታኬታውን ሊሰቅል በቆረጠበት ቀን፣ በክለቡ በሊቫች ስታዲየም በር ሲገባ መጀመሪያ ያየው ሜዳውን አልነበረም፤ ጭሱን ነው። ሽማግሌው ዙልፎ ከተመልካቹ መቀመጫ ጀርባ ፍሙን ዘርግቶ፣ ጠቦቱን በብረት ወግቶ ያዞራል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያዞረው እሱ ነው። በከተማችን በክሪቫ ዶሊና የጨዋታ ውጤት አስቀድሞ ማወቅ የሚሻ ሰው የዙልፎን ጠቦት ይቆጥራል። አንድ ከሆነ ለባለሜዳው ብቻ ነውና ጨዋታው ጨዋታ ነው። ሁለት ከሆነ ግን ሁለቱ ቡድኖች ማታ አንድ ገበታ ሊቀርቡ ነው፤ አብሮ ለመብላት የተቀጣጠረ ሰው ደግሞ ቀን ሲራገጥ አይውልም። ጠቦት ለመብሰል አራት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ የእኛ ከተማ ውጤት ዳኛው ፊሽካውን ከኪሱ ሳያወጣ ፍም ላይ ይወጣል።

ያን ቅዳሜ ሦስት ነበሩ።

«ዙልፎ አጎቴ፣ ምነው ሦስት?»

ሽማግሌው ሥጋውን ቅባት እየቀባ ቀና እንኳ አላለም። «አንዱ የእኛ። አንዱ የእንግዶቹ፣ የያሴኒኮች።»

«ሦስተኛውስ?»

«ያንተ ነዋ። እንኳን ደስ ያለህ።»

«ምን አድርጌ?»

«በሃያ ስምንተኛው ደቂቃ ታገባለህ አሉ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ እኔ አዟሪ ነኝ።»

ሩስሚር ከጭሱ ፊቱን አዙሮ ሄደ።

ሰውዬው ማን እንደሆነ እንናገር። የተወለደው በብረት ማቅለጫው ሠራተኞች ሰፈር ነው። ማቅለጫው ከተዘጋ ቆይቷል፤ ሊቫች ማለት ብረት አቅላጭ ነውና የቀረው የክለቡ ስም ብቻ ነው፣ ሰው ሞቶ ጫማው በር ላይ እንደሚቀረው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሁለት ስልክ የያዘ ወኪል ተብዬ ወደ ቱርክ ወሰደው። ባሕር ዳር ነው የምትጫወተው ብሎት ነበር፤ ያደረሰው በረዶ እስከ መስኮት የሚቆለልበት ከተማ ነው። ከዚያ ወደ ኡዝቤኪስታን፤ እዚያ አሰልጣኙ አሰላለፉን የሚያወጣው ባየው ሕልም ነበር፣ ሩስሚር ደግሞ በሕልሙ አይመጣለትም። ከዚያ ኦስትሪያ፣ ሦስተኛ ዲቪዚዮን፦ ጠዋት ሸክላ ንጣፍ ይሸከማል፣ ቅዳሜ ጎል ያገባል።

ብሔራዊ ቡድኑ አንድ ጊዜ ጠርቶታል። ለወዳጅነት ጨዋታ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ በመስመሩ ዳር ሲያሟሙቅ ቆየና መልሰው አስቀመጡት። ይዞ የመጣው ሰማያዊ ቱታ ነው። እናቱ ዳቦ ይቆርጣል እስክንል ድረስ የሱሪውን መስመር እንደ ስለት አድርጋ ትተኩሰው ነበር። በሠርግም በቀብርም አሥራ አንድ ዓመት ለበሰው። ከተማውም ምሕረት የለውምና፣ ባለፈ ቁጥር «ሩስሚር ገና እያሟሟቀ ነው» ይባባላል።

በሠላሳ አንድ ዓመቱ ወደ ሊቫች ተመለሰ። አሁን ለክለቡ ያገባው ጎል ሰማንያ ስድስት ደርሷል። ከእሱ በፊት ሰማንያ ስድስት ያገባ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ፎቶው በክለቡ ቡና ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው፣ ባለ ረጅም ጢሙ ብረት አቅላጭ። ያ ሰው ከእቶን ወጥቶ፣ ፊቱን እንኳ በወጉ ሳይታጠብ ነው ያገባቸው። ሩስሚር ንጹሕ ነበር ብሎ የሚያወራላችሁ ካለ ግን አትስሙት። ከእሱ ጎሎች ቢያንስ አሥራ አንዱ፣ በረኛው ድንገት የጫማ ክሩ የታወሰው ጊዜ የገቡ ናቸው። ጠቦቱንም እስከ አጥንቱ ግጧል። እኛም በልተናል።

ለዚህ ነው ያን ጠዋት ለሚስቱ ለሙኔቬራ እንዲህ ያላት፦ «አንዲት ብቻ። በጉልበቴም ትግባ፣ በጀርባዬም ትግባ። ብቻ ማንም ያልሰጠኝ ትሁን።»

«በዚያ ጉልበትህ ከሆነስ መጀመሪያ አምቡላንስ ይጠራ» አለችው፤ ካልሲውን ግን ራሷ አጥፋ ሰጠችው።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሊቀመንበሩ ሃይሩዲን ፓሻጊች ይጠብቀው ነበር። ሃይሩዲን የከተማው ቄራ ባለቤት ነው። በሦስት ምርጫ ሦስት ፓርቲ ለብሶ አውልቋል፣ ሆዱ ግን በሦስቱም ጊዜ ያው ነበር። በእጁ የነሐስ ሰሌዳ ይዟል። ሰማንያ ሰባት ጎል፣ ይላል ሰሌዳው፤ ቀኑም ሳይቀር ተቀርጾበታል።

«ልጄ፣ ያሴኒኮች አንድ ነጥብ ካላገኙ ይወርዳሉ» አለ። «ጎረቤት ሲወርድ ቆሞ ማየት ነውር ነው። ባለፈው ዓመት እኛን ማን አተረፈን?»

«እነሱ።»

«እንግዲያስ። አንድ ለአንድ። አንዷ የእነሱ፣ አንዷ ያንተ።»

«ሊቀመንበር፣ እኔ ራሴ ባገባትስ?»

ሃይሩዲን ግራ ገባው። ከልቡ ነው ግራ የገባው። «ራስህ አይደለህ እንዴ የምታገባት? ማን ሊያገባልህ ኖሯል?»

ሃያ ስምንተኛው ደቂቃ ደረሰ። ኳሷ ለሩስሚር ተሰጠችው። የያሴኒክ ተከላካዮች ለሙሽራ መንገድ እንደሚለቅ ሰው ግራና ቀኝ ከፈት አሉ። በረኛቸው፣ ትጉህ ሰው፣ ገና ኳሷ ሳትመታ ተንጋለለ። ሩስሚር ጎሉ መስመር ድረስ ሄደና ኳሷን ረግጦ ቆመ። ከዚያ ዞሮ ወደ ኋላ ነዳት። ከተቃራኒ ተከላካዮች ትልቁ ቦሮ የሚባለው ሰው ጋ ሲደርስ ፊቱ ተገተረ።

«ያዘኝ» አለው።

«ምን?»

«ግጠመኝ። ንጠቀኝ።»

«ዛሬ እሱ ሥራዬ አይደለም፣ ወንድሜ። አግባና እንገላገል፣ ሰው ርቦታል።»

«አላገባም።»

ቦሮ ሰዓቱን ለማየት ያህል ወደ ጭሱ ዞረ። ከዚያ ኳሷን ከሩስሚር እግር ሥር በጫማው ጫፍ አስፈንጥሮ፣ ቀስ ብሎ ተከትሎ ሄዶ፣ የገዛ መረቡ ውስጥ ከተታት። ድምፅ ማጉያው ያንኑ ይጠብቅ ኖሯል፦ «ሰማንያ ሰባት፣ ሩስሚር ታህማዝ።» ሕዝቡም ቆሞ አጨበጨበ። ሁሉም አይቷል፣ ሁሉም አጨበጨበ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጭብጨባ ስሰማ እጄን መታጠብ ያምረኛል።

ከዕረፍት በኋላ የእኛ በረኛ በተራው ውለታ መለሰ፤ አንድ ለአንድ ሆነ። ከዚያ ሃያ ሁለቱም ባቡር እንደሚጠብቅ መንገደኛ መሐል ሜዳ ላይ ኳስ ይቀባበሉ ጀመር። ነገሩ ለሩስሚር የተገለጠለት ያኔ ነው። አሁን አንድ ጎል ቢገባባቸው ያሴኒኮች ይወርዳሉ። ስለዚህ አሁን ይከላከላሉ፤ አሁን የእውነት ነው።

በሰማንያ ሦስተኛው ደቂቃ ኳሷን ከገዛ ጓደኛው እግር ነጠቀና ሮጠ።

«አበደ እንዴ ይሄ ሰው?» አለ የሊቫች አምበል፣ እሱም ሊያስቀረው ከኋላው ሮጦ። የራሱ ቡድን ማልያውን ጎተተው፤ ጨርቁ ትከሻው ላይ ተቀደደ። ቦሮ ፊቱ ተለወጠ፣ እንደ ሰው ተናደደ፣ መጥቶም ቅልጥሙን በታኬታው ላጠለት። ለአምስት ዓመት ሩስሚርን እንዲህ ከልቡ የረገጠው አልነበረም። ሩስሚር ሳይወድቅ አለፈው። በዚያ በተበላሸ ጉልበቱ፣ በግራ እግሩ፣ ከሳጥኑ ጠርዝ ለጋት። ኳሷ የቋሚውን ውስጠኛ ጎን ገጭታ ገባች።

ያጨበጨበ የለም። የመስመር ዳኛው ባንዲራውን ወደ ታች ይዞ ነበር። አንገቱን አዙሮ ወደ ክብር መቀመጫው ተመለከተ፤ ሃይሩዲን መሐረቡን አፉ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ያኔ ባንዲራዋ ቀስ እያለች ወጣች። ከጨዋታ ውጪ። ሁለት ተከላካዮች ጎሉ መስመር ላይ ቆመው ሳለ፣ ከጨዋታ ውጪ።

ማታ ገበታው ተዘረጋ። በማልያውም በክራቫቱም የተቀመጠ ሁሉ ጣቱን እየላሰ ነው። ለሩስሚር በክብር የጠቦቱ ራስ ከነምላሱ ቀረበለት፣ አጠገቡም ሰሌዳው። ሃይሩዲን ስለ ጉርብትና ተናገረ፣ ስለ ስፖርታዊ ጨዋነትም ተናገረ፤ አገጩ ላይ ስብ ያብለጨልጭ ነበር። ዳኛው «እውነት ነው» እያለ ጎድን ይግጣል።

ቦሮ ወንበሩን አስጠግቶ፣ አፉን እንደሞላ፣ ወደ ጆሮው አንሾካሾከ፦ «ወንድሜ፣ ያቺ ጎል ነበረች።»

«ተነሥና ጮክ ብለህ ተናገራት።»

ቦሮ ሃይሩዲንን አየ። ከዚያ ሳህኑን አየ። «ሥጋው ይቀዘቅዛል» አለ።

ሩስሚር የጠቦቱን ራስ አንሥቶ በነሐሱ ሰሌዳ ላይ አስቀመጠው፤ ሰሌዳውን እንዳለ ወደ ቦሮ ገፋለት። «ብላ። ሰማንያ ሰባተኛዋን ያገባሃት አንተ ነህ» አለውና ተነሥቶ ወጣ። ሰሌዳው ሰኞ ዕለት ስቡ ተጠርጎ ቡና ቤቱ ውስጥ ተሰቀለ፤ የአቅላጩን ፎቶ ግማሽ ጢሙን ሸፍኖታል።

ቤቱ ሲደርስ ሙኔቬራ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«አገባህ?»

«አገባሁ።»

«ስንት?»

«አንድ። ሻሩት።»

ካልሲውን ስታወርድለት ደም ከቆዳው ጋር አጣብቆት ነበር። «ይሄን ማን አደረገህ?»

«ቦሮ ነው» አለ፣ ቀኑን ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብሎ። «የእውነቱን ነው የረገጠኝ።»

ቁስሉን አጠበችለት፤ ከዚያ አፍንጫዋን ያዘች። «ግባና ታጠብ እባክህ፣ በግ በግ ትላለህ።»

«አንድ ጉርሻ አልቀመስኩም እኮ።»

«ቢሆንም ትሸታለህ።»

ሁለት ጊዜ ታጠበ። ሽታው አለቀቀውም።