ስድስት ዓመት የዘገየ «ኖር»

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሰው የሚቀመጥበትን ሲሠራ የኖረ፣ እሱ ግን አርፎ መቀመጥ የማያውቅ ሰው ነው። ወንበር ይጠግናል፣ ሶፋ ያለብሳል። ሰፈሩም ስሙን ትቶ «ጋሽ ወንበር» ይለዋል። ሱቁ የቤታችን የፊት ክፍል ናት፤ የስፖንጅ ክምር፣ የተቀዳደደ ቆዳ፣ ኮላ የደረቀበት ብሩሽ፣ መሐል ላይ እሱ። በሩ ላይ ጥላ ባየ ቁጥር፣ ደንበኛም ይሁን መንገድ የጠፋው፣ ብድግ ይልና «ኖር!» ይላል። ሰውየው ደንግጦ «ኧረ በእግዜር!» እስኪል ድረስ አይቀመጥም። በቀን አርባ ጊዜ ይነሳል ብል አላጋነንኩም።

«ኖር ያው ኑር ማለት ነው» ይለኛል። «ስትነሺ ቦታሽን ትለቂለታለሽ። ኖር ስትይው ደግሞ ዕድሜ ትመርቂለታለሽ። ሁለቱንም በነፃ!»

ሶፋቸው በየዓመቱ የሚረግብባቸው አንድ ጡረተኛ የቋንቋ መምህር ግን በቀላሉ አይለቁትም። «ሊሆን ይችላል፤ ግን ለመሆኑ ማስረጃህ ምንድን ነው?» ይሉታል። አባቴ ጉልበቱን መታ መታ ያደርግና «ይኸው፣ ሲነሳ ሲነሳ ያለቀ ጉልበት» ይላቸዋል። ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃል፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንደ አዲስ ይጀመራል።

እንግዲህ ይህ ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይነሳ ቀርቷል። ዕድሉ ሆኖ ያልተነሳው ለታላቅ ወንድሙ ነው።

ነገሩ ስድስት ዓመት ሆነው። አባቴ አዲስ ኮላ የተቀባ የወንበር እግር በሁለት ጉልበቶቹ መሐል ጨምቆ ይዞ ነበር፤ ቢለቀው የሁለት ቀን ልፋቱ ገደል መግባቱ ነው። እንደ ልማዱም ከንፈሩ መሐል ደርዘን የሚሆን ትንንሽ ሚስማር ነክሷል። አጎቴ ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ ለብሶ በሩ ላይ ቆመ። አባቴ አልተነሳም። «ኖር»ም አላለም። «እምም» አለ። አጎቴ ለአፍታ አየውና ዞሮ ሄደ። በቃ። የሚኖረው ሁለት ፌርማታ አለፍ ብሎ ቢሆንም ከዚያ ወዲያ ደጃችንን አልረገጠም። አባቴም «ሚስማሩን አላየም? ዓይን የለውም?» ብሎ ኮራ። የአንድ እናት ልጆች መሆናቸው የሚታወቀው በዚህ ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝ ግን አባቴ በሩን ያያል። ማንን እንደሚጠብቅ ሁላችንም እናውቃለን፤ ወንድሙ ይናፍቀዋል።

ባለፈው ወር ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ተደረገ። ሐኪሙ «ስድስት ሳምንት እግርዎ መሬት እንዳይነካ» አለው። እናቴ በመጨረሻ የሚቀመጥ ባል አገኘሁ ብላ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ደስታው አልቆየም። የአጎቴ ሚስት ደወለች፦ «ነገ ልጠይቀው እመጣለሁ ብሏል።»

አባቴ ምሳውን ገፋ አደረገው። «ስድስት ዓመት ጠብቄ አሁንም ቁጭ ብዬ ልቀበለው?»

«አሞህ ነው እኮ!» አለች እናቴ።

«ያኔም ምክንያት ነበረኝ።»

«እኔ እነሳልሃለሁ» አልኩት።

«አንቺ ለራስሽ ተነሺ» አለኝና ድንገት ወደ ሱቁ አየ። «ያ የፀጉር አስተካካዩ ወንበር አልተወሰደም አይደል?»

ወንበሩ መቀመጫው ሊለበስ የመጣ ነው። ከሥሩ ፔዳል አለው፤ ሲረግጡት የተቀመጠውን ሰው ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ፀጉር አስተካካዩ በቀን ሁለቴ እየደወለ «ሰው ቆሞ እየተላጨ ነው!» ይላል። አንድ ቀን ይታገሥ ተባለ።

በማግስቱ አባቴ ሸሚዝ ቀይሮ ወንበሩ ላይ ተሰየመ፤ እኔ ከኋላው ፔዳሉ ላይ ተመደብኩ። እናቴ «የዕብድ ቤት!» እያለች ወለሉን ትጠርጋለች። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። አጎቴ አርጅቷል። ያ ሙሉ ልብስ ሰፍቶታል።

«እርገጪ!» አለኝ አባቴ በሹክሹክታ።

ረገጥኩ። ወንበሩ ሲጥጥ፣ ሲጥጥ እያለ አባቴን እጁን ደረቱ ላይ እንዳደረገ ወደ ላይ አወጣው።

«ኖር፣ ጋሼ!» አለ ከላይ።

አጎቴ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ ሳቀ፤ ግድግዳውን ተደግፎ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ። ወንበሩም አሮጌ ነውና እፍፍ ብሎ አባቴን ቀስ እያለ ወደ ታች መለሰው።

«አፌ ውስጥ ሚስማር ነበር» አለ አባቴ ታች ሲደርስ። ይህቺን ለማለት ስድስት ዓመት!

«አይቼዋለሁ» አለ አጎቴ።

«ታዲያ?»

አጎቴ የስፖንጁ ክምር ላይ ተቀመጠ። «ያን ቀን ጡረታ በወጣሁ ማግስት ነበር። መነጽሬን ረስቼ ቢሮ ተመለስኩ። ሠላሳ ዓመት ስገባ ሁሉም ብድግ የሚልልኝ ቢሮ፣ አንድ ሰው ቀና ብሎ አላየኝም። ዘበኛው እንኳን መታወቂያ ጠየቀኝ። ወንድሜማ ይነሳልኛል ብዬ በቀጥታ ወደ አንተ መጣሁ።»

እናቴ መጥረጊያውን አቆመች። አባቴ ጉልበቱን አየና ዞር ሳይል «እርገጪው» አለኝ።

«አሁን ተነሳህልኝ አይደል እንዴ?» አለ አጎቴ።

«የቅድሙ የዛሬው ነው።»

ረገጥኩ። አባቴ ቀስ እያለ፣ መጨረሻው ድረስ ወጣ።

«ኖር፣ ጋሼ» አለ። «ይሄኛው የዚያን ቀኑ።»

አጎቴ ከስፖንጁ ላይ ብድግ ብሎ ተንጠራርቶ ትከሻውን ያዘው። «በእግዜር» አለ። «በእግዜር፣ ወንድሜ፣ ተቀመጥ።»

ወንበሩ ግን አሁን አልወርድም አለ።