ዶሚቲላ ዘፈኑን ያልተቀበለችበት ቀን

በእኛ ወንዝ አፍ ዝምታ የሞት ዘመድ ነው። ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃው ሲገለጥ ስድስት ሴቶች ከታንኳ ወርደን ማንግሮቭ በሚባለው የባሕር ዳር ዛፍ ሥሮች መካከል እንበተናለን፤ ፒያንጓ የምንለውን ጥቁር ዛጎል በጣታችን እየዳሰስን ከጭቃ እናወጣለን። ሥሩ እንደ አጥር የተጠላለፈ ነውና አንዷ ሌላዋን አታያትም። ስለዚህ እንዘፍናለን። አንዷ ታወርዳለች፣ የቀረነው በየተራ እንቀበላለን። ድምፅዋ የጠፋ ካለች እባብ ነድፏታል፣ ወይም እግሯ ተይዟል ማለት ነው። ያኔ ሥራ ይቆማል።

ዶሚቲላ አንጉሎ በዚህ ዘፈን ውስጥ አርባ ዓመት ኖራለች። በሰባት ዓመቷ ጭቃ ገባች። በአሥራ አራቷ እናቷ ስትሞት ስምንት ታናናሾቿን ተረከበች፤ እነሱን አሳድጋ ሳትጨርስ አገባች፣ ሦስት ወለደች። ባሏ ከሦስት ዓመት በፊት ሲያርፍ ግማሹ የተጠረበ ታንኳ በጓሮዋ ትቶላት ሄደ። ዶሮ እንቁላል ይጥልበታል። «ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ምን ይብላ ብዬ ሳስብ ኖርኩ» ብላኛለች አንድ ቀን። «እኔስ ምን ልሁን ብዬ አንዲት ሰዓት ተቀምጬ አላውቅም።»

የዚያን ሰኞ ጠዋት ጀልበኛው ሴኖን መልእክት አመጣላት። ልጇ ዳይራ ከካሊ ከተማ ነበር የላከችው፦ እማዬ ነይና ልጆቼን አሳድጊልኝ፣ አልጋሽ ተዘርግቷል።

«ዛሬ ባሕሩ ሲሞላ እመለሳለሁ» አላት ሴኖን። «ወይ ጓዝሽን ይዘሽ፣ ወይ መልስሽን ይዘሽ ጠብቂኝ።»

ወንድሞቿ ሳይጠይቋት ሻንጣ አወረዱላት። እሷ ግን ቅርጫቷን አንሥታ ታንኳችን ላይ ወጣች።

«በካሊ ጭቃ የለም አሉ!» አለች አበልጇ ኢግናሲያ፣ መቅዘፊያዋን እየጎተተች። «እጅሽን በምን ልታቆሽሺው ነው፣ እታለም?»

ሁላችንም ሳቅን። ዶሚቲላ አልሳቀችም።

ቅርጫቷ ቶሎ ሞላ። ከዚያ ራቅ ብላ ወፍራም ሥር ላይ ተቀመጠች። ኋላ እንደ ነገረችን፣ ዓይኗን ጨፍና ራሷን ጠየቀች፦ ምን ትፈልጊያለሽ? መጀመሪያ የዳይራ ድምፅ መለሰላት። ቀጥሎ የወንድሞቿ። ቀጥሎ የሟች ባሏ። የራሷን ጠበቀች። የራሷ ሩቅ ነበር፤ አገር ለቆ እንደ ሄደ ዘመድ ቀስ ብሎ ይመጣ ነበር። ውሃው ቁርጭምጭሚቷን ነካ።

ያኔ የኢግናሲያ ድምፅ በሥሮቹ መካከል መጣ፦

*ባሕሩ ሊመጣ ነው፣ ጭቃው ሊከደን ነው፤*
*ድምፅሽን አሰሚኝ፣ መንገድሽ ወዴት ነው?*

የቀረነው አራታችን ተቀበልን። ዶሚቲላ አፏን ከፍታ መልሳ ገጠመችው። ከተቀበለች ያ ሩቅ ድምፅ ይበተናል። ኢግናሲያ ደገመች። ውሃው ጉልበት ደረሰ። ሦስተኛው ዘፈን አልነበረም፣ ጩኸት ነበር፦ «ዶሚቲላ! ኧረ ዶሚቲላ!»

እኛ ታንኳው ላይ ወጥተን ነበር። «አትግቢ፣ ውሃው ይቀድምሻል!» ብንላትም ኢግናሲያ እያዜመች ተመልሳ ገባች።

ዶሚቲላ በዚያች ቅጽበት የጓሮዋን ታንኳ እያየችው ነበር። ተጠርቦ አልቆ፣ ውሃ ላይ ሆኖ፣ እሷ ብቻዋን ስትቀዝፈው። ከዚያ ዘፈኑ ስንኙ መሐል ላይ ተቆረጠ።

አሁን ዝምታው የሌላ ሴት ነበር።

ዶሚቲላ ሥር እየዘለለች፣ ቆዳዋን ዛጎል እየቀደዳት ሮጠች። ኢግናሲያን ደረቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ አገኘቻት፤ እግሯ ሁለት ሥሮች መካከል ተቀርቅሯል። ዶሚቲላ ጠለቀች፣ ጭቃውን በጥፍሯ ማሰች፣ አየር ወስዳ እንደገና ጠለቀች። ውሃው የኢግናሲያ አገጭ ላይ ሲደርስ እግሯ ያለ ቦት ጫማው ወጣ።

ኢግናሲያ መጀመሪያ ያደረገችው በጥፊ ማጮል ነበር።

«የሞትሽ መስሎኝ!»

«እያሰብኩ ነበር።»

«እያሰብሽ? እኔ እየሰጠምኩ አንቺ ታስቢያለሽ? ቤትሽ ማሰብ አይቻልም?»

«ቤቴ የሁሉም ነው፣ አበልጄ። ለእኔ የምትሆን ጥግ የለውም።»

 ኢግናሲያ እያለቀሰች ሳቀች። «ጫማዬን ጭቃው በልቶታል። ምን እንዳሰብሽ እንኳ ልወቅ።»

«አልሄድም።»

ወደቡ ላይ ሴኖን ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቅ ነበር። «ጓዝሽስ?»

«ለዳይራ ንገርልኝ፣ ልጆቹ ትምህርት ሲዘጋ ወደ እኔ ይምጡ። እኔ ታንኳዬን ልጨርስ ነው።»

«እናት እንዲህ ትላለች?»

«አዎ፣ እናትም ትላለች» አለች። ይሁንና ጀልባው ከወንዙ መታጠፊያ እስኪሰወር ቆማ አለቀሰች።

ሐሙስ ዕለት ኢግናሲያ ያበጠ እግሯን ይዛ ከታንኳ ከመውረዷ በፊት ዶሚቲላ ላይ ጣቷን ቀሰረች። «ደግመሽ ዝም ብትይ በገዛ እጄ ነው የምገልሽ። ማሰብሽንም ዝፈኚልኝ!»

ቅርጫታችን ሲሞላ ጥሪው ወጣ፤ ከሩቅ ሥሮች መካከልም የዶሚቲላ ድምፅ እንዲህ ሲል መለሰ፦

*እባብ አልነደፈኝ፣ ውሃ አልወሰደኝ፤*
*ከራሴ ልመክር ነው፣ ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።*

ማንም አልጠራትም። ውሃው ሊነሣ ሲል ራሷ መጣች። ማታ ከጓሮዋ የመጥረቢያ ድምፅ ተሰማ።

በሦስተኛው ሳምንት ዶሚቲላ አጠገቤ ጭቃ እየዳሰሰች ሳለ ያንኑ ስንኝ ከወዲያ ማዶ ሰማነው። ድምፁ የኢግናሲያ ነበር። ተያየን፤ እጃችንን ከጭቃው ሳናወጣ ጠበቅናት።