ዝም የማለት መብቴና የነፍስ አባቴ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት በኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው። ባስታወስኩት ቁጥር መጀመሪያ አፍራለሁ፣ ቀጥሎ ብቻዬን እስቃለሁ። ባለቤቴም ነገሩን አሳምራ እያወቀች፣ ደግሞ ምን ሆነህ ነው ትለኛለች።

ንፋስ መውጫ ላይ ባጃጅ እነዳለሁ። ባለቤቴና ሁለት ልጆቼ የሚበሉት በእሷው ነው። የዚያን ቀን የነፍስ አባቴን፣ አባ ጥበቡን፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ገበሬ ቤት ለዝክር ይዣቸው ሄድኩ። አባ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጆሯቸውም ከብዷል።

እሳቸው ውስጥ ከካህናቱ ጋር ተቀመጡ፣ እኔ ዳሱ ውስጥ። እኛ አገር ዝክር ቤት ገብቶ ጠላ አልፈልግም ማለት ባለቤቱን መስደብ ነው። በሥላሴ ስም ሦስት ጣሳ ጠጣሁ። አራተኛውን የቤቱ እመቤት አፈር ስሆን ብላ አስጨረሰችኝ። አምስተኛው የመንገድ ነው ተባለ። እኔም ብሆን ጠላን ከመጠጥ ቆጥሬው አላውቅም ነበር። መጠጥ ለእኔ አረቄ ነው፤ ጠላማ ምግብ ነው።

ስንመለስ ፀሐዩ ገና አናት ላይ ነው። አንድ መታጠፊያ ላይ ባጃጇ በሁለት ጎማ ሄደች። አባ "በስመ አብ" አሉና መቋሚያቸውን ጨበጡ። ቀና ስል የትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘርግቶ ቆሟል።

ጠጋ ብሎ ትንፋሼን ሲያገኘው ፊቱን አዞረ። ከዚያ ጠጥተሃል ወይ ሳይለኝ በፊት መብቴን ነገረኝ። ያለመናገር መብት አለህ፣ የተናገርከው ግን ፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብብህ ይችላል፣ ጠበቃም ማማከር ትችላለህ አለኝ። እኔ ይህን ሁሉ ስልኬ ላይ አይቼ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ በእኛ ሹፌሮች መካከል ጠበቃው እኔ ነኝ። መንጃ ፈቃዴ ከሄደ ልጆቼ ጦም ማደራቸው ነው። ስለዚህ አፌን ገጠምኩ። ስሜን ሲጠይቀኝ እንኳ ትንሽ አመነታሁ።

ችግሩ አባ ናቸው። ፖሊሱ ጣቢያ ወስዶን አግዳሚው ላይ እንደተቀመጥን፣ ያ ልጅ ምን አለህ ብለው ጠየቁኝ። ጆሯቸው ላይ ጮኬ ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ።

"እኔ ዕድሜ ልኬን ሰው ተናዘዝ ስል ኖሬ፣ አንተ አትናገር ትለዋለህ?" አሉት ፖሊሱን።

ፖሊሱ በአክብሮት አስረዳቸው። ማንም ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም፣ ሕገ መንግሥቱ ላይ የተጻፈ ነው አላቸው። አባ አልተዋጠላቸውም። ጥፋተኛን ዝም የሚያሰኘው ሰይጣን ነው አሉና ከጋቢያቸው ሥር መስቀላቸውን አወጡ። እዚያው ሊያናዝዙኝ ነው! ፖሊሶቹን አሥር እርምጃ ፈቀቅ በሉ ብለው አዘዙ፤ እነሱም ፈቀቅ አሉ።

ምን ላድርግ? ለፖሊስ ዝም ማለት ይቻላል፤ የነፍስ አባት መስቀል ይዞ ፊትህ ቆሞ እንዴት ዝም ይባላል? አፌን ጆሯቸው ላይ ገጥሜ፣ አባ፣ አምስት ጣሳ ጠጥቻለሁ፣ ይፍቱኝ አልኩ በሹክሹክታ።

"አምስት ጣሳ?" አሉ አባ።

ጆሮው የከበደ ሰው ድምፁን አይመጥንም። ጣቢያው በሙሉ ሰማ፤ በር ላይ ያለው ዘብ እንኳ ዞሮ አየኝ።

አባ ያደረጉት ሲገባቸው ደነገጡ። የንስሐ ምስጢር አወጣሁ ብለው አለቀሱ። ፖሊሱ ግን ጨዋ ልጅ ነበር። ለእግዜር የተነገረውን እኔ መዝገብ ላይ አላሰፍርም፣ እኛ የትንፋሽ መመርመሪያ አለን አላቸው። ነፋሁ። መሣሪያውም ያው እንደ አባ አጋለጠኝ።

አባ ለእኔ አርባ ስግደት አዘዙልኝ፣ ለራሳቸው መቶ። ይሄኔ ጠበቃነቴ ተነሳና፣ ሰው በአንድ ጥፋት ሁለቴ አይቀጣም፣ እኔ ንስሐዬን ተቀብያለሁ፣ ልቀቁኝ ብዬ ተከራከርኩ። ፖሊሱ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ዋስ ጥራ አለኝ። ዋሴ አባ ሆኑ።

ዋስ ናቸውና በቀጠሮው ቀን በማለዳ ቤቴ መጥተው ወሰዱኝ፤ በእግራችን። ጉልበታቸውን እየያዙ ነበር የሚራመዱት። መቶውን ሰግደውታል።

ዳኛዋ ክሱን አነበቡልኝ። ጠበቃ ማቆም እንደምችል፣ ለመዘጋጀት ጊዜ መጠየቅ እንደምችል፣ መካድም መብቴ እንደሆነ ነገሩኝ። እኔማ ክርክሬን አዘጋጅቼ ነው የገባሁት፤ መመርመሪያው ትክክል መሥራቱ ይጣራልኝ ልል ነው። ዞር ስል አባ የኋላው ወንበር ላይ መስቀላቸውን ይዘው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

"ጥፋተኛ ነኝ" አልኩ።

ዳኛዋ ቀና ብለው አዩኝ። "አስገድዶህ ወይም ተጽዕኖ አድርጎብህ እንዲህ ያሰኘህ ሰው አለ?"

"የለም፣ ክብርት ዳኛ።"

ቅጣቴን ተቀጣሁ፤ መንጃ ፈቃዴም ለወራት ታገደ። በእነዚያ ወራት በሰው አውድማ ገብስ እየወቃሁ ቤቴን አኖርኩ። አሁን ፈቃዴ ተመልሶልኛል፣ ዝክርም የምሄደው በእግሬ ነው። አባን አልተቀየምኳቸውም፤ እንዲያውም ያን ቀን ከኋላዬ ተቀምጠው የነበሩት እሳቸው መሆናቸውን ሳስብ አማትባለሁ፤ ገልብጫቸው ቢሆንስ?

የሚከነክነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ችሎት ፊት ቆሜ ዋሽቻለሁ፤ ኃጢአት ነው፣ መናዘዝ አለብኝ። የምናዘዘው ደግሞ ለአባ ነው። ያስገደዱኝ እርስዎ ነዎት ብዬ በምን አፌ ልንገራቸው?